የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት መነጋገሪያዎችን ማደራጀት፦ ጥያቄው፣ ባጉ፣ ውሳኔውና ምስጢሩ የት ይሂድ?

የአንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ኮድ ይፋ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ዲስኮርድ ይጨምራል፣ ሌላው «ለሥራ ስላክ ይሻላል» ይላል፣ ኮዱ የተቀመጠበት የጊትሀብ መወያያ፣ ዲስከሽንስም ይበራል። ዓመት ሳይሞላ ያው ጥያቄ በአራት ቦታ ይጠየቃል፤ በአንዱ ይመለሳል፣ በሦስቱ ሳይመለስ ይቀራል። በግሩፕ የተወሰነውን በጊትሀብ ያለው ሰው አያውቀውም፤ ስለዚህ የተጣለውን አማራጭ ሦስት ቀን ደክሞ ጽፎ ይልካል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ሐሳብ ሌላ የተሻለ መሣሪያ መፈለግ ነው፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ግን ወጥ አያጣፍጥም። የጎደለው የትኛው ንግግር የት እንደሚካሄድና የት እንደሚቋጭ መወሰኑ ነው።

ይህ መመሪያ ከአንድ እስከ አምስት ሜንቴይነር (ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድር ሰው) ላለው ፕሮጀክት የተጻፈ ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚለውጥ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ውሰዱ፤ ጸሐፊዎቹ አዲስ አበባና ዋሽንግተን፣ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ከባሕር ዳር እስከ ቴል አቪቭና ዱባይ የተበተኑ ናቸው።

መጀመሪያ ንግግሩን ለዩ

ምንም ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ፕሮጀክቱ የሚመጣውን ንግግር በአምስት ክፈሉት፦ የስህተት ሪፖርት፣ የአጠቃቀም ጥያቄ፣ ውሳኔ የሚፈልግ ሐሳብ፣ ማስታወቂያ፣ እና በአደባባይ መነገር የሌለበት ጉዳይ። የመጨረሻው የደኅንነት ክፍተትንና በሰው ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ይይዛል። ለእያንዳንዱ መቋጫው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ስድስተኛም አለ፤ ሰላምታው፣ ቀልዱ፣ «ይህን አያችሁ?» የሚባለው። እሱንም አትናቁት፤ ሰው ፕሮጀክት ላይ የሚቆየው ብዙ ጊዜ በሱ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ አንዱም ወሬው መሐል ተወስኖ መቅረት የለበትም።

ለዚህ መጠን ላለው ፕሮጀክት ሦስት መስመር ይበቃል፦ ኢሹ (የሥራና የስህተት ዝርዝሩ) እና ዲስከሽንስ የበራበት ሪፖ (የኮዱ ማከማቻ)፣ አንድ ቻት፣ እና አንድ የግል ኢሜይል። አራተኛውን ከመክፈታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሁለት ስም ጻፉ፤ አንዱ በየቀኑ የሚያነበው ሰው፣ ሌላው እሱ ሲታመም የሚተካው። ሁለት ስም ካልተገኘ መስመሩ አይከፈት። መልስ የማይሰጥበት ግሩፕ ከሌለ ግሩፕ ይብሳል፤ የገባው ሰው ዝምታውን አይቶ ፕሮጀክቱ የሞተ ይመስለዋል።

መዝገቡ ያለበት ቦታ

ኮዱ ያለበት ቦታ መዝገቡም ያለበት ቦታ ይሁን። ጊትሀብን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ጊትላብም ሆነ ኮድበርግ ቢሆን አካሄዱ ተመሳሳይ ነው።

ኢሹ የተሠራው ለሥራ ዝርዝር ነው፤ ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ይዘጋል። «ይህን ከፍላተር ጋር እንዴት ላገናኘው?» የሚለው ጥያቄ ግን መዝጊያ የለውም። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ኢሹ ውስጥ ሲጠራቀሙ፣ ያልተዘጋ ኢሹ ቁጥር አድጎ ትክክለኛው ባግ (የኮድ ስህተት) ይደበቃል። ስለዚህ ዲስከሽንስን አብሩ፤ በሪፖው ሴቲንግስ፣ ጄኔራል በሚለው ገጽ፣ ፊቸርስ በሚለው ሥር ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ጊትሀብ ብዙ ምድቦችን ራሱ ያዘጋጃል። ሦስቱን አስቀሩ፦ የማስታወቂያውን (አዲስ ርዕስ መክፈት የሚችሉት አስተዳዳሪዎች ብቻ ናቸው)፣ የጥያቄና መልሱን (ትክክለኛው መልስ ላይ ምልክት ይደረግበታል)፣ እና የሐሳቡን። ቀሪውን ሰርዙ። ባዶ ምድብ የገባውን ሰው ግራ ከማጋባት በቀር ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ የኢሹ ቅጽ አዘጋጁ። እዚያው ፊቸርስ ውስጥ፣ ኢሹስ ከሚለው ሥር ቴምፕሌት ማዘጋጃ ቁልፍ አለ። ለስህተት ሪፖርት የሚከተለውን ጠይቁ፣ ከዚህም አታብዙ፦ የላይብረሪው ቨርዥን፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና የፕሮግራም ቋንቋው ቨርዥን፤ ስህተቱን የሚያሳይ ከ20 መስመር ያልበለጠ ኮድ፤ ምን እንደተጠበቀ፤ ምን እንደወጣ፤ የስህተቱ መልእክት በሙሉ። መልእክቱ በጽሑፍ እንጂ በስክሪንሾት አይሁን። ስክሪንሾት ፍለጋ ላይ አይወጣም፣ ኮዱም ከሱ ላይ ተገልብጦ አይሞከርም፤ በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ወጪ ነው።

ርዕሱም እንዲሁ። «አይሠራም» የሚል ርዕስ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። «ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ሲለውጥ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ማለት ሲገባው ሴፕቴምበር 12 ይላል» የሚለው ግን ግማሹን መልስ ይዞ መጥቷል፤ ያነበበ ሁሉ ስህተቱ በስድስት ቀን ጳጉሜን ስሌት ላይ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ጥሩ ርዕስ ያልጻፈውን ሰው አትውቀሱት፤ ርዕሱን እናንተ አስተካክሉለት። ሜንቴይነር የኢሹን ርዕስ መለወጥ ይችላል።

ቅጹ ብቻውን አይበቃም። ባዶ ኢሹ መክፈት ከተፈቀደ ብዙ ሰው ቅጹን ዘልሎ ባዶውን ይመርጣል። ቴምፕሌቶቹ ባሉበት ፎልደር ውስጥ ኮንፊግ የሚባል የያምል (የቅንብር ጽሑፍ) ፋይል ጨምሩና ባዶ ኢሹን ዝጉ። እዚያው ፋይል ላይ ሁለት ሊንክ አስገቡ፤ አንዱ «ጥያቄ አለኝ» የሚለውን ሰው ወደ ዲስከሽንስ፣ ሌላው «የደኅንነት ክፍተት አገኘሁ» የሚለውን ወደ ግል መስመሩ የሚወስድ። አዲስ ኢሹ ሊከፍት የመጣው ሰው ከመጻፉ በፊት ምርጫው ፊቱ ይመጣለታል። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ «እባክህ እዚህ ሳይሆን እዚያ ጠይቅ» እያሉ በየቀኑ መጻፍን ያስቀራል። ይህን አልፎ በስህተት ኢሹ ሆኖ የገባ ጥያቄ ካለ ደግሞ ወደ ዲስከሽን የሚቀይረው ቁልፍ በኢሹው ገጽ ላይ አለ፤ ዘግቶ «እንደገና ጻፍ» ማለት አያስፈልግም።

የሪፖው ሌላ ጥቅም ኢሜይል ነው። የጊትሀብ ኖቲፊኬሽን በኢሜይል ሲደርስ ለዚያው ኢሜይል የተጻፈ መልስ በኢሹው ሥር አስተያየት ሆኖ ይገባል። ኔትወርኩ ደካማ የሆነበት ሰው ገጹን ሳይከፍት ይሳተፋል ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ መድረኮች በተገደቡ ጊዜ፣ ንግግሩ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረ ማኅበረሰብ ቪፒኤን ለሌለው ሰው ተዘግቶበት ነበር።

አማርኛ ሲፈለግ

ይህ በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ውስጥ የማታገኙት ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ የፍለጋ መሣሪያዎች ፊደልን እንደ ድምፅ ሳይሆን እንደ ምልክት ያያሉ። «ስህተት» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ስሕተት» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንዲሁ። በዚህ ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፍ አለ። ውጤቱ የተመለሰ ጥያቄ እንደገና መጠየቁ ነው።

መፍትሔው ሰውን ፊደል ማስተማር አይደለም፤ አያዋጣም። ሦስት ነገር አድርጉ። የስህተቱ መልእክት ኮምፒውተሩ እንደጻፈው፣ ሳይተረጎም፣ በርዕሱ ወይም በመጀመሪያው መስመር ይግባ፤ እሱ ለሁሉም አንድ ነውና። የጥያቄና መልስ ርዕሶችን የሚያርመው ሰው በሁለት አጻጻፍ የሚታወቀውን ቃል መጨረሻ ላይ በሁለቱም ይጨምር። ሦስተኛ፣ ሌብል (ኢሹ ላይ የሚለጠፍ መለያ) ተጠቀሙ፤ «ልወጣ»፣ «በዓላት»፣ «ሰነድ» የሚል ሌብል የተለጠፈበት ኢሹ የፊደል ልዩነት አያግደውም። ሌብል ግን ከ12 በላይ አይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ራሳቸው ሜንቴይነሮቹ መለጠፉን ይተዋሉ። ለአዲስ ሰው የሚሆን ቀላል ሥራ ላይ ጊትሀብ አስቀድሞ ያዘጋጀውን «ጉድ ፈርስት ኢሹ» የሚለውን ሌብል ስሙን ሳትለውጡ ተጠቀሙ፤ ከሪፖው ውጭ ያሉ ፈላጊዎች የሚያስሱት በዚሁ ስም ነው።

ቋንቋውስ? ኢሹን በአማርኛ መክፈት ይፈቀድ፤ ካልተፈቀደ እንግሊዝኛው የከበደው ሰው ባጉን ይዞት ይቀራል። ኮዱ ላይ የሚሠራ አማርኛ የማያነብ ሰው ካለ ግን ኢሹውን የተቀበለው ሜንቴይነር ከሥሩ ሁለት መስመር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ይጻፍ። ትርጉሙ የጠያቂው ግዴታ ሆኖ አይጫንበት። የኮሚት (የእያንዳንዱ የኮድ ለውጥ መዝገብ) መልእክትና በኮድ ውስጥ ያለ ማስታወሻ ግን በአንድ ቋንቋ ብቻ ይሁን፤ ያ ከተቀላቀለ በኋላ ማስተካከል ታሪኩን መበጥበጥ ነው።

ቻቱ

ከሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ቦታ ይገባዋል። ምርጫችሁ ላይ የሚወስኑት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ተጠቃሚዎቻችሁ አሁን የት ናቸው? የዛሬ ዓመት የተጻፈ መልስ ይገኛል? ባለቤቱ ቢጠፋ ማን ይረከባል?

ስላክ በነፃ ሲሰጥ የሚያሳየው ያለፉትን 90 ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው አይታይም፣ ከዓመት በላይ የሆነው ደግሞ ይሰረዛል። ለመሥሪያ ቤት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ዓመታትን መቆየት ያለበት ማኅበረሰብ ግን እዚያ ባይጀምር ይሻላል። ዲስኮርድ ታሪኩን ያስቀምጣል፤ ውስጡ ያለው ግን በጉግል አይወጣም፣ ለማየትም አካውንት ያስፈልጋል። ዙሊፕ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት የክላውድ አገልግሎቱን ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ መልእክት የርዕስ ስም ስለሚይዝ ስምንት ሰዓት ተኝቶ የተነሣ ሰው የሚመለከተውን ርዕስ ብቻ ማንበብ ይችላል፣ ከፈለጋችሁም ያለ አካውንት እንዲነበብ ማድረግ ትችላላችሁ። ራስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቡድኖች ብዙ ሥራቸውን የሚነጋገሩት እዚያ ነው። ማትሪክስ ደግሞ ክፍት ፕሮቶኮል ስለሆነ ሰርቨሩን ራሳችሁ ማቋቋም ትችላላችሁ፤ ሞዚላ በ2020 እ.ኤ.አ. የቆየውን የአይአርሲ (የድሮ የቻት ሥርዓት) ሰርቨሩን ሲዘጋ የተዛወረው ወደዚህ ነው።

እነዚህ ሁሉ በራሳቸው መልካም ናቸው። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለ ተጠቃሚ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ሲል አዲስ አፕ አውርዶ አዲስ አካውንት አይከፍትም። ቴሌግራሙ ስልኩ ላይ አለ። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮጀክት ቴሌግራምን ምረጡ፤ ድክመቱን አውቃችሁ ግን አስተካክላችሁ ክፈቱት። ሰባት ሥራ አለበት።

1. ግሩፑን ይፋዊ አድርጉና የራሱን ስም ስጡት። ከዚያ የቆየው መልእክት ለአዲስ አባላት የሚታይ መሆኑን አረጋግጡ። የተደበቀ ከሆነ ትናንት የተመለሰውን ጥያቄ ዛሬ የገባው እንደገና ይጠይቃል፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም።

2. ቶፒክስን አብሩ። ቴሌግራም ይህን ያመጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ሲሆን ግሩፑን በርዕስ ይከፋፍለዋል። አራት ርዕስ በቂ ነው፦ ጥያቄ፣ ልማት፣ ወሬ፣ የሪፖ ዜና። ቦቱ (በራሱ የሚለጥፍ ፕሮግራም) የሚያመጣው የኮሚትና የኢሹ ማስታወቂያ በመጨረሻው ርዕስ ብቻ ይግባ። ቦት ከሰው ጋር በአንድ ቦታ ከተቀላቀለ ሰዎች ግሩፑን ድምፅ አልባ ያደርጉታል፤ ድምፅ አልባ የሆነ ግሩፕ ደግሞ ጥያቄ ሲመጣም ድምፅ አልባ ነው።

3. ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበት ቻናል ለብቻው ክፈቱ። በወር ከአራት በላይ አትለጥፉበት። የይፋዊ ቻናል ይዘት ያለ አካውንት በብራውዘር ስለሚነበብ ሊንኩን የትም መስጠት ይቻላል።

4. የተሰካው መልእክት ከስምንት መስመር አይብለጥ። ይህን የመሰለ ይበቃል፦ «ባግ ካገኛችሁ በሪፖው ኢሹ ክፈቱ፤ ሊንኩ ይኸው። ጥያቄ እዚህ መጠየቅ ይቻላል፤ በ48 ሰዓት ካልተመለሰ ዲስከሽንስ ላይ ጻፉት። ኮድ ከአሥር መስመር በላይ ከሆነ እዚህ አትለጥፉ፣ ጂስት (የጊትሀብ የኮድ መለጠፊያ) ላይ አድርጋችሁ ሊንኩን ላኩ። የደኅንነት ክፍተት እዚህ አይጻፍ። አድሚን ቀድሞ በግል አይጽፍላችሁም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።»

5. የመጨረሻው መስመር ለጌጥ አይደለም። ግሩፑ እያደገ ሲሄድ የአድሚኑን ስምና ፎቶ አስመስሎ ለአባላት በግል የሚጽፍ አጭበርባሪ ይመጣል። ለአዲስ ገቢ ለመጀመሪያው ቀን ሊንክና ፋይል የሚከለክል ቦት አስገቡ፤ ስፓም በበዛ ሳምንት ስሎው ሞድን (አንድ ሰው በተከታታይ እንዳይጽፍ የሚያዘገየውን) በ30 ሰከንድ አብሩ፣ ሲበርድ አጥፉት።

6. ባለቤትነቱን አስቡበት። የግሩፑ ባለቤት አንድ የስልክ ቁጥር ያለው አንድ ሰው ነው። ሲሙ ከጠፋ ወይም ሰውየው ፕሮጀክቱን ከተወ ሌሎቹ አድሚኖች ባለቤትነቱን በራሳቸው መውሰድ አይችሉም። ባለቤቱ ዛሬውኑ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብራ። ባለቤትነት ለሌላ ሲተላለፍ ቴሌግራም ማረጋገጫው ከበራ ቢያንስ ሰባት ቀን እንዲያልፈው፣ በመሣሪያውም ከገባ 24 ሰዓት እንዲሞላው ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ቢታሰብ አይሆንም።

7. በየሦስት ወሩ በዴስክቶፕ ቴሌግራም የግሩፑን ታሪክ በጄሰን (ፕሮግራም በሚያነበው የጽሑፍ ዓይነት) መልክ አውጥታችሁ አስቀምጡ። ፎቶና ቪዲዮውን ተዉት፤ ጽሑፉ ብቻ ትንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ይቀራል፤ ከሰባቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ግሩፑ ውስጥ የረባ ጥያቄ ተመልሶ ከሆነ፣ የመለሰው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጥያቄውንና መልሱን ዲስከሽንስ ላይ ለጥፎ ሊንኩን እዚያው ይመልስ። አራት መስመር ነው፦ ጥያቄው፣ መልሱ፣ የሚሠራበት ቨርዥን፣ የመለሰው ሰው የሚታወቅበት ስም። የጠያቂውን ስም ያለ ፈቃዱ አታውጡ። «ይህን ማን ይሠራል?» ተብሎ ለሁሉም ከተተወ ማንም አይሠራውም፤ ስለዚህ ተራ ይውጣለት። በሳምንት አንድ ተረኛ፣ በቀን 15 ደቂቃ። ተረኛው ሁሉንም ጥያቄ መመለስ የለበትም፤ ያልተመለሰ እንዳይቀርና የተመለሰው እንዲመዘገብ ማየት ነው ሥራው።

ቻትን ከቻት የሚያገናኝ ብሪጅ በጣም ያጓጓል፤ ዲስኮርድ የተጻፈው ቴሌግራም ላይ እንዲታይ ማለት ነው። ተጠባባቂ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት። ብሪጁ ሲቆም ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት ይለያያሉ፤ በአንዱ የተሰረዘ ስፓም በሌላው ይቀራል፤ መልስ ለማን እንደተሰጠም ይጠፋል።

ውሳኔ እንዴት ይቋጭ

ከአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚወሰድ አንድ ሥርዓት አለ። በዚያ ድርጅት ሥር ያሉ ፕሮጀክቶች ውሳኔያቸውን በይፋ የኢሜይል ዝርዝር ላይ ያካሂዳሉ፤ ድምፅ የሚሰጠው +1 (ድጋፍ)፣ 0 (ድምፀ ተአቅቦ) ወይም -1 (ተቃውሞ) በመጻፍ ሲሆን በተለምዶ ቢያንስ 72 ሰዓት ይቆያል። በአካል ወይም በቻት የተነገረ ሁሉ ወደ ዝርዝሩ ካልመጣ እንዳልተባለ ይቆጠራል። 72 ሰዓት ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ በማንኛውም የሰዓት ቀጠና ያለ ሰው ተኝቶ፣ ሥራ ውሎ፣ ቢያንስ አንዴ ለማንበብ ጊዜ ያገኛል።

ለትንሽ ፕሮጀክት እንዲህ ይደረግ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው በሐሳቡ ምድብ ርዕስ ይከፍታል፤ ምን እንደሚለወጥ በሦስት መስመር፣ ምን እንደሚሰበር በአንድ መስመር፣ መዝጊያ ሰዓቱን ደግሞ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይጽፋል። እስከዚያ በምክንያት የተቃወመ ከሌለ ጸድቋል። ዝምታ እንደ መስማማት ይቆጠራል፤ ይህ ግን አስቀድሞ በተዋጽኦ መመሪያው ላይ መጻፍ አለበት፣ አለዚያ በኋላ «አልሰማሁም» የሚል ይመጣል። እውነትም አልሰማ ይሆናል። ስለዚህ ርዕሱ ሲከፈት ሊንኩ በግሩፑ ይላክ፤ ክርክሩ ግን እዚያ አይሁን። ግሩፑ ውስጥ ከጀመረ አንድ ሰው «ወደ ሊንኩ እንሂድ» ማለት አለበት፤ በትሕትና፣ ግን በየጊዜው። ቻት ውስጥ ብዙ የሚጽፍ ያሸንፋል፤ ሌሊት ላይ ያለው ወይም በእጁ ቀስ ብሎ የሚጽፈው ይሸነፋል።

72 ሰዓቱ ሲቆጠር የበዓላት ዋዜማን ተጠንቀቁ። ፋሲካ ሳምንት ላይ ወይም የአይሁድ በዓል ሲውል የተከፈተ ውሳኔ ሰባት ቀን ይሰጠው።

የስብሰባ ሰዓት

እዚህ ላይ ሰው ይጣላል። «ነገ 8 ሰዓት እንገናኝ» የሚል መልእክት አዲስ አበባ ያለው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም በውጭው አቆጣጠር 14:00 አድርጎ ያነበዋል፤ ሜሪላንድ ያደገው ደግሞ 20:00 አድርጎ። ቀኑም እንዲሁ፤ «02/03/2018» ጥቅምት ሦስት ወይስ ኅዳር ሁለት፣ በየትኛው አቆጣጠር? ሕጉ አጭር ይሁን፦ የወሩ ስም በቃል ይጻፍ፣ ሰዓቱ በአዲስ አበባና በዩቲሲ ሁለቱም ይጻፉ።

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ «የበጋ ሰዓት» የሚባለው፣ ሰዓትን አንድ ወደፊት መግፋቱ፣ የለም። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ግን ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ይለውጣሉ፣ ያውም በአንድ ቀን አይደለም፤ አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ስትለውጥ አውሮፓ እስከ ወሩ የመጨረሻ እሑድ ትቆያለች። በነዚያ ሳምንታት ውስጥ ከስብሰባው አንድ ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣ ሰው መኖሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ መልሕቁ የአዲስ አበባ ሰዓት ይሁንና የሌላው ይንቀሳቀስ።

ለተበተነ ቡድን የሚስማማ አንድ ሰዓት፦ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት በአዲስ አበባ፣ 17:00 ዩቲሲ። በዚያ ሰዓት ሪያድ 20:00፣ ዱባይ 21:00 ነው። ቴል አቪቭ «የበጋ ሰዓት» ሲሆን 20:00፣ ሳይሆን 19:00። ፍራንክፈርት 19:00 ወይም 18:00። ዋሽንግተን 13:00 ወይም 12:00። ቅዳሜን ያልመረጥነው ሰንበት ለሚያከብር እስራኤል ውስጥ ላለ ሰው ስለማይመች ነው፤ የእሑድ ጠዋትን ደግሞ ቅዳሴ ይወስደዋል።

ስብሰባው ከ45 ደቂቃ አይብለጥ፤ አጀንዳው ከሁለት ቀን በፊት በዲስከሽንስ ይለጠፍ፤ የተባለው በዚያው ቀን ከአጀንዳው ሥር ይጻፍ። ስብሰባው ላይ ውሳኔ አይወሰን፤ ሐሳብ ይብሰል፣ ከዚያ 72 ሰዓቱ ይጀምር። ቪዲዮ መቅዳት ብዙም አይጠቅምም፤ የ45 ደቂቃ ቪዲዮ በዳታ አውርዶ የሚያይ የለም።

በአደባባይ የማይጻፈው

የደኅንነት ክፍተት ያገኘ ሰው የት እንደሚጽፍ ካላወቀ ግሩፑ ላይ ይጽፈዋል፤ ማስተካከያው ሳይወጣ ክፍተቱን ሁሉም ያውቀዋል። በጊትሀብ ለይፋዊ ሪፖ የግል ሪፖርት መቀበያ አለ፤ በሴቲንግስ የደኅንነት ክፍል ይበራል። ሪፖርቱን የሚያዩት ሜንቴይነሮቹና ጻፊው ብቻ ናቸው፤ ማስተካከያውንም እዚያው በግል አዘጋጅቶ፣ ሲወጣ የሲቪኢ (የደኅንነት ክፍተት ዓለም አቀፍ መለያ) ቁጥር መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ ሴኩሪቲ የሚል ስም ያለው የማርክዳውን (የቀላል ጽሑፍ) ፋይል ሪፖው ላይ አስቀምጡ፤ የትኞቹ ቨርዥኖች እንደሚጠገኑ፣ የት እንደሚጻፍ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ ይናገር። የማትፈጽሙትን ቀን አትጻፉ። «በአምስት ቀን ደርሶናል እንላለን» ብሎ መፈጸም «በ24 ሰዓት» ብሎ ከመቅረት ይሻላል። መልስ ያጣ ሰው በመጨረሻ ይፋ ያወጣዋል፤ ቢያወጣም አይፈረድበትም።

የሥነ ምግባር አቤቱታ ሌላ ነው፤ ወደ አንድ ሜንቴይነር ብቻ የሚሄድ ከሆነ አቤቱታው በሱ ላይ ሲሆን ምን ይደረጋል? ሁለት የሚቀበሉ ሰዎች ይኑሩ፤ ከተቻለ አንዷ ሴት፣ አንዱም ኮድ የማይጽፍ። አድራሻቸው ለየብቻ ይጻፍ፤ አቤት ባዩ ይምረጥ። ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት የሚባለውን የሥነ ምግባር ጽሑፍ ብዙ ፕሮጀክት ገልብጦ ያስቀምጣል፤ ኢሜይል የሚገባበትን ባዶ ቦታ ሳይሞሉ የለጠፉትም ጥቂት አይደሉም። ያንን ዛሬ ከፍታችሁ እዩት።

አድራሻው የእናንተ ይሁን

በ2021 እ.ኤ.አ. ሜይ ወር ላይ ፍሪኖድ የተባለው፣ ያኔ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ትልቁ የአይአርሲ መረብ የነበረው፣ በባለቤትነት ክርክር ሠራተኞቹ በአንድነት ለቀው ሊቤራ ቻት የሚባል አዲስ መረብ አቋቋሙ። ፕሮጀክቶች ወደዚያ መዛወራቸውን ቻናላቸው ላይ ሲጽፉ፣ በፍሪኖድ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻናሎች በአስተዳደሩ ተወሰዱባቸው። የመዛወሪያውን አድራሻ የጻፉት እዚያው በተወሰደው ቦታ ላይ ነበርና ተጠቃሚው የት እንደሄዱ የሚያውቅበት መንገድ ጠበበ።

ከዚህ የሚወሰደው ሥራ ርካሽ ነው። የራሳችሁን ዶሜይን ግዙ። ሰነዱ፣ ሪድሚው (የሪፖው መግቢያ ጽሑፍ)፣ የኮንፈረንስ ስላይዱ ሁሉ ቀጥታ የቴሌግራም ሊንክ ሳይሆን በዶሜይናችሁ ሥር ያለ «ቻት» የሚል አድራሻ ይያዝ፤ እሱ ወደ ቴሌግራም ይመራ። ነገ ዙሊፕ ብትመርጡ የምትለውጡት አንድ መስመር ነው። የዶሜይኑ አካውንት፣ የጊትሀብ ድርጅቱ፣ የኢሜይሉ፣ የቦቱ ቶከን (የይለፍ ቁልፉ)፤ እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ሰው እጅ ይሁን። አንዱ አገር ውስጥ ሌላው ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ዶሜይን የሚከፈልበት ካርድ ማን ጋ እንዳለና መቼ እንደሚታደስ ተጽፎ ይቀመጥ።

ቦታ ሲዘጋ

የማይነበብ መስመር ካለ ዝጉት፤ ግን አትሰርዙት። መጀመሪያ የመዝጊያውን ቀን ከአራት ሳምንት በፊት አሳውቁ፣ በመሐል አንዴ፣ በመጨረሻው ቀን አንዴ ድገሙ። ያልተመለሱ ጥያቄዎችን ወደ አዲሱ ቦታ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለቤቶቻቸውን በስም እየጠራችሁ። ታሪኩን አውጥታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ አባላት መጻፍ እንዳይችሉ ፈቃዱን ዝጉና የመጨረሻው መልእክት አዲሱ አድራሻ ብቻ ሆኖ ይሰካ። ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፤ የድሮ ሊንክ ይዞ የመጣ ተጠቃሚ ያኔ የማን ግሩፕ ውስጥ እንደሚገባ አታውቁም። አድሚን ሆኖ የሚቆይ አንድ ሰው መድቡና በየስድስት ወሩ ገብቶ አድራሻው አሁንም እንደሚሠራ ይይ።